ካርድ ክፍሉን ወደ ኮምፒውተር ሊያዞሩ ነው? ከመፈረምዎ በፊት የሚሠሩት ሥራ

ከደሴ ፒያሳም፣ ከሰኞ ገበያም፣ ከኮምቦልቻም የክሊኒክ ባለቤቶች የሚደውሉልኝ ለአንድ ጥያቄ ነው፦ «ሶፍትዌር ልናስገባ ነው፤ ውሉን አንዴ አየት አድርገህልን እንፈርም?» ክፋቱ፣ ብዙዎቹ የሚደውሉት ቅድመ ክፍያውን ከከፈሉ በኋላ ነው። በስልክ እየደጋገምኩ ከምነግር ብዬ እዚህ በቅደም ተከተል አስቀመጥኩት። መመሪያው ለግል ክሊኒክ፣ ለላቦራቶሪና ለጥርስ ሕክምና ቤት ነው። የመንግሥት ጤና ተቋም ግዥ የራሱ ሥርዓት ስላለው አልነካውም።

ከሁሉ በፊት ይህን ይያዙልኝ፦ የሚገዙት ሶፍትዌሩን ነው፤ ነገር ሲበላሽ የሚያጡት ግን መረጃውን ነው። ከታች ያለው ሁሉ መረጃው ከእጅዎ እንዳይወጣ፣ ከወጣም እንዲመለስ ለማድረግ ነው።

የሚያስፈልግዎ

ጠበቃ ጋ ከመሄድዎ በፊት እነዚህን በአንድ ፎልደር ያድርጉ። ባዶ እጅዎን ከሄዱ የመጀመሪያው ቀጠሮ «ይህን አምጡ፣ ያን አምጡ» ሲባባሉ ያልቃል፤ ክፍያው ግን አይቀርም።

- የክሊኒኩ የሙያ ፈቃድ፣ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ኮፒ
- ክሊኒኩ የማኅበር ከሆነ መመሥረቻ ጽሑፉ፤ የሚፈርመው ሌላ ሰው ከሆነ ውክልናው
- የአቅራቢው ንግድ ፈቃድ ኮፒ (የታደሰ)፣ ፕሮፎርማውና ያቀረበው የውል ረቂቅ
- ሶፍትዌሩ ምን እንዲሠራልዎ እንደሚፈልጉ በራስዎ አነጋገር የተጻፈ አንድ ገጽ
- የሠራተኞችዎ ዝርዝር፣ ከእነ ሥራ ድርሻቸው
- ሁለት ምስክሮች
- ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና ሁለት የሚታሸጉ ፖስታዎች (ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይመጣል)

ጠበቃውን ሲመርጡ የጥብቅና ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ይዩ። በክልል ፍርድ ቤት የሚያስቆመው ፈቃድና በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚያስቆመው የተለያዩ ናቸው። ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም፤ ደረጃ 3 ላይ እመለስበታለሁ። የአገልግሎት ክፍያውንም በጽሑፍ ይስማሙ።

ደረጃ 1፦ ምን እንደሚመዘግቡ ይቁጠሩ

አንድ ወረቀት ይውሰዱና ታካሚው ከበር እስኪወጣ ድረስ የሚጻፍበትን ሁሉ ይዘርዝሩ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ የምርመራ ውጤት፣ የታዘዘ መድኃኒት፣ ክፍያ። ከእያንዳንዱ ጎን ማን እንደሚጽፈውና ማን እንደሚያየው ይጻፉ።

ይህ የሚጠቅመው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ከተራው የግል መረጃ ለይቶ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልገው ወገን ስለሚያስቀምጠው ነው። አዋጁ ክሊኒኩን የሚያየው መረጃው ለምንና እንዴት እንደሚሠራበት የሚወስን አካል አድርጎ ነው። ሶፍትዌር አቅራቢው በእርስዎ ትዕዛዝ መረጃውን የሚይዝ ብቻ ነው። በአማርኛ ስናስቀምጠው፣ «ልጁ ነው ያበላሸው» ብሎ ማምለጥ የለም፤ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ዝርዝሩን ሲጨርሱ የማያስፈልገውን ይሰርዙ። የታካሚውን ሃይማኖት የሚጠይቅ ቅጽ አይቻለሁ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ሶፍትዌሩ ላይ ስለነበረ» ተባልኩ። ያልያዙት መረጃ አይሰረቅም።

ደረጃ 2፦ የሚሸጡልዎ ምን እንደሆነ ይወቁ

ለአቅራቢው ይህን ብቻ ይጠይቁት፦ «ሶፍትዌሩ የራስህ ነው፣ የሌላ ሰው ነው ወይስ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ)?»

የራሱ ከሆነ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ያለው ሥራ ስለሆነ፣ እርስዎ የሚያገኙት የመጠቀም ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የዓመት ነው ወይስ የዘላለም? ለስንት ኮምፒውተር? ሁለተኛ ቅርንጫፍ ኮምቦልቻ ቢከፍቱ ይሠራል? እነዚህ ይጻፉ። የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ለመሸጥ የተሰጠውን ፈቃድ ወረቀቱን ያሳይዎ።

ኦፕን ሶርስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ኦፕንኤምአርኤስና ባህምኒ ለሕክምና መዝገብ የተሠሩ፣ ማንም በነፃ ሊያወርዳቸው የሚችል ሶፍትዌሮች ናቸው። አንድ ልጅ ባህምኒን አውርዶ ስሙን ቀይሮ «የፈጠርኩት ነው» ብሎ ሊሸጥልዎ ሲል፣ የሚከፍሉት ለመትከሉ፣ ለሥልጠናውና ለጥገናው እንጂ ለሶፍትዌሩ መሆን የለበትም። ኦፕን ሶርስ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም አቅራቢው ጥሎዎት ቢሄድ ሌላ ባለሙያ ሊነካው ስለሚችል እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ደረጃ 3፦ ውሉን ይጻፉ

ብዙ ቀን የሚፈጀው ይህ ነው፤ አይቸኩሉ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የክሊኒክ ባለቤት ይዘውልኝ የመጡት ውል አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ጽሕፈት ቤት የተተየበ ነው። ስለ ክፍያ ሰባት መስመር አለው። ስለ መረጃው ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሶፍትዌሩ በአግባቡ ይሠራል።» በዓመታዊ የጥገና ክፍያ ተጣሉና አንድ ማክሰኞ ጧት ካርድ ክፍሏ ልጅ ኮምፒውተሩን ስትከፍት «ፈቃድዎ አብቅቷል» የሚል ጽሑፍ ብቻ መጣ። አግዳሚው ላይ የስኳር ክትትል ያላቸው አንድ አባት ተቀምጠው ነበር። ያለፈው መድኃኒታቸው መጠን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሐኪሙ አዲስ ካርድ አውጥቶ «አባባ፣ ስንት ነበር የሚወስዱት?» ብሎ ጠየቃቸው። «ነጭዋን ነው» አሉት።

ውሉ ቢያንስ የሚከተሉትን ይያዝ። በጥቅስ ያሉትን እንዳሉ ወስደው ጠበቃዎ ከጉዳይዎ ጋር ያስማማቸው።

ሀ. መረጃው በማን እጅ ነው። «በሥርዓቱ የተመዘገበ የታካሚ መረጃ በሙሉ በክሊኒኩ ኃላፊነት ሥር ነው። አቅራቢው ከክሊኒኩ የጽሑፍ ትዕዛዝ ውጭ መረጃውን አይጠቀምበትም፣ አይገለብጥም፣ ለሌላ ወገን አይሰጥም።»

ለ. መመለሻው። ከሁሉም ይልቅ ይህን አጥብቀው ይያዙ። «ውሉ በማናቸውም ምክንያት ሲቋረጥ አቅራቢው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ መረጃውን በሙሉ የአቅራቢው ሶፍትዌር ሳያስፈልግ ሊከፈት በሚችል የኤክሴል ወይም የሲኤስቪ ፋይል ያስረክባል። በክፍያ ወይም በሌላ ጉዳይ ክርክር መኖሩ ርክክቡን አያስቀርም፤ አገልግሎቱንም ያለ 30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መዝጋት አይቻልም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብትኖር ያ ማክሰኞ ባልመጣ ነበር።

ሐ. ዋናው ፓስወርድ። የአስተዳዳሪው ፓስወርድ በፖስታ ታሽጎ፣ በሁለቱም ፊርማ ተፈርሞበት እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ሁለተኛው ፖስታ ለሰርቨሩ (መረጃው ለሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር) እና ለራውተሩ ነው። ፓስወርድ በተቀየረ ቁጥር ፖስታውም ይቀየር። ፓስወርዱን አቅራቢው ብቻ ካወቀው ቤትዎን ሠርቶ ቁልፉን ይዞ እንደሄደ ግንበኛ ነው።

መ. ከሩቅ መግባት። አቅራቢው አዲስ አበባ ሆኖ በኤኒዴስክ (ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር በሚያሠራ ፕሮግራም) ገብቶ ይጠግናል። ጥሩ ነው፤ ግን በተጠራ ጊዜ ብቻ፣ የክሊኒኩ ሰው ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት ተመዝግቦ ይሁን። ማታ ማታ ብቻውን የሚገባ አቅራቢ የታካሚ ስም ዝርዝር ይዞ መውጣቱን በምን ያውቃሉ?

ሠ. ሰርቨሩ የት ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ነው፣ አዲስ አበባ ነው ወይስ ውጭ አገር? «ክላውድ ነው» የሚለው መልስ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር እንዳሻው እንዳይተላለፍ ገደብ ስላደረገ አገሩ በስም ይጻፍ።

ረ. መረጃ ሲወጣ። አቅራቢው መረጃ መውጣቱን ወይም መሰረቁን ባወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅዎ። ለምን 24? እርስዎ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ የሚያሳውቁት በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ነው። እሱ ሦስት ቀን ከተኛበት ለእርስዎ የሚተርፍ ሰዓት የለም።

ሰ. ክፍያና መቀጫ። ሁሉንም በአንዴ አይክፈሉ። ከፊሉ ሲፈረም፣ ከፊሉ ሲተከል፣ ከፊሉ ሠራተኞች ሠልጥነው አንድ ወር ከሠሩበት በኋላ። መዘግየትና ያለ ማስጠንቀቂያ መዝጋት የሚያስከትለው መቀጫ በብር ይጻፍ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1889 ጀምሮ ተዋዋዮች መቀጫውን ቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ጥቅሙ፣ ክርክር ሲመጣ «ስንት ብር ተጎዳሁ» የሚለውን አንድ በአንድ ለማስረዳት አለመገደድዎ ነው። የታካሚ መረጃ ማጣት በብር ሲሰላ እስኪያልቅ ዓመት ይሄዳል።

ሸ. የሚዳኘው ማን ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ረቂቆች ብዙ ጊዜ «ክርክር ቢነሳ አዲስ አበባ» ይላሉ። እዚያ ከሆነ የሚቀርቡት ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ የደሴው ጠበቃዎ የፌዴራል ፈቃድ ከሌለው ሌላ ሰው ሊቀጥሩ ነው። «ደሴ በሚገኘው ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት» ተብሎ ይስተካከል። የግልግል ዳኝነት የሚል አንቀጽ ካለም፣ ማን እንደሚመርጥ፣ የት እንደሚቀመጥና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ሳይጻፍ አይፈርሙ።

ደረጃ 4፦ አፈራረሙ

እንዲህ ያለውን ውል በቃል አይተዉት። በጽሑፍ ሲያደርጉትም የፍትሐ ብሔር ሕጉን የአንቀጽ 1727 ሥርዓት ይጠብቁ፦ የሚገደዱት ሁሉ ይፈርማሉ፤ ሁለት ምስክርም ይፈርማል። ምስክር የሌለው ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ ለተቃዋሚ ቀዳዳ ነው። በየገጹ አጭር ፊርማ ያድርጉ፤ መሃል ገጽ እንዳይቀየር። ምስክሮቹ የክሊኒኩ ተቀጣሪ ባይሆኑ እመርጣለሁ፤ ነገ ሥራ ይለቃሉ፣ ወይ «የአሠሪው ወገን ነው» ይባላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በአቅራቢው በኩል የሚፈርመው ሰው የመፈረም ሥልጣን እንዳለው ሳያዩ ብዕር አያንሱ። ሽያጭ ሠራተኛ ፈርሞ ሄዶ ድርጅቱ «አናውቀውም» ሊል ይችላል።

ደረጃ 5፦ ከመክፈልዎ በፊት መመለሻውን ይሞክሩ

የመጨረሻውን ክፍያ ሳይለቁ አቅራቢውን አስቀምጠው «አሁን መረጃውን በኤክሴል አውጣልኝ» ይበሉት። ፋይሉን ሶፍትዌሩ በሌለበት ላፕቶፕ ይክፈቱ። አሥር ካርድ ይምረጡና ስሙ፣ ቀኑ፣ የምርመራ ውጤቱ ልክ መሆኑን ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ። በተለይ ሁለት ነገር ይዩ፦ አማርኛ ፊደሉ ወደ አራት ማዕዘንና ጥያቄ ምልክት አለመቀየሩን፣ ቀኑም የኢትዮጵያ ነው የፈረንጅ መሆኑ መለየቱን። አንድ ጊዜ የወጣ ፋይል ላይ የታካሚዎች ዕድሜ ሁሉ በሰባትና በስምንት ዓመት ተዛብቶ አይቻለሁ።

ይህ ሙከራ ካልተሳካ ውሉ ላይ ያለው አንቀጽ ለ ባዶ ወረቀት ነው።

ደረጃ 6፦ ሠራተኛዎን ያስፈርሙ

ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይሰጠው። ካርድ ክፍል የላቦራቶሪ ውጤት ማየት የለበትም፤ ገንዘብ ተቀባይም የምርመራ ታሪክ አያስፈልገውም። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ መዝገብ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም። ነገር ግን ሁሉም ሰው በአንድ «አድሚን» ስም እየገባ ከጻፈ፣ ነገ በሕክምና ስሕተት ክስ ቢመጣ ማን ምን እንደጻፈ በምን ያስረዳሉ? ንፁሕ የሆነውን ነርስም የሚያድነው ይኸው የመግቢያ መዝገብ ነው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጡ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና መሰል ባለሙያዎችን ይቀጣል። ካርድ አውጪዋና ኮምፒውተር ጠጋኙ ግን «እኔን አይመለከተኝም» ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። ስለዚህ ጽዳት ሠራተኛ ሳይቀር ሁሉም አጭር የምስጢር ጥበቃ ቃል ይፈርም፣ ከሥራ ከለቀቀ በኋላም የሚጸና መሆኑ ይጻፍበት። ሰው ሲለቅ ዩዘርኔሙ በዚያው ቀን ይዘጋ።

ደረጃ 7፦ መረጃ ለሚጠይቅ ሰው መልስ ያዘጋጁ

ኮምቦልቻ ያላችሁ ይህን ደጋግማችሁ አንብቡት። ፋብሪካ ሠራተኞቹን ያስመረምራል፣ ክፍያውንም ይሸፍናል። ቀጥሎ የሰው ኃይል ክፍሉ በቴሌግራም «የሁሉንም ውጤት ዝርዝር ላኩልን» ይላል። ከፋዩ ፋብሪካው ስለሆነ የሚገባው ይመስላል። አይደለም፤ ታካሚው ሠራተኛው ነው። ሠራተኛው በጽሑፍ ካልፈቀደ ውጤቱን አይላኩ። ከፈቀደም የሚሄደው «ለሥራው ብቁ ነው» ወይም «አይደለም» የሚለው ብቻ ቢሆን ይበቃል። ከፋብሪካው ጋር የአገልግሎት ውል ሲያደርጉ ይህን ከመነሻው ያስገቡት፤ በኋላ መከራከሩ ደንበኛ ያሳጣል።

ፖሊስ ወይም ሌላ አካል ሲመጣ የጽሑፍ ትዕዛዝ ይጠይቁ፣ ኮፒውን ያስቀሩ፣ የተጠየቀውን ብቻ ይስጡ። ታካሚው ራሱ ኮፒ ሲጠይቅ ማንነቱን አረጋግጠው ይስጡት። ባል የሚስቱን ውጤት ሲጠይቅስ? ያለ እሷ ፈቃድ አይሆንም። ዘመድ ሲሆን እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። «ሶፍትዌሩ አይፈቅድም» የሚሉ አሉ፤ ያስኬዳል።

ደረጃ 8፦ ሁለተኛውን ቅጂ ከከተማ ያውጡ

ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች ለዚህ ናቸው። አንዱ ክሊኒኩ ካዝና ውስጥ፣ ሌላው ከከተማው ውጭ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ጤና ተቋማት ላይ የደረሰውን ለደሴ ሰው መንገር የለብኝም፤ ኮምፒውተሩ ሲወሰድ አጠገቡ ያለው ሃርድ ዲስክም አብሮ ይሄዳል። ዲስኩ በፓስወርድ የተቆለፈ ይሁን፤ ካልተቆለፈ የጠፋ ዕለት እሱ ራሱ የመረጃ መውጣት ነው። በየሳምንቱ ይቀያይሩ፣ በየሦስት ወሩ መልሶ የሚጭን መሆኑን ይሞክሩ።

ችግር ሲደርስ

ላፕቶፕ ተሰረቀ፣ ወይም ስክሪኑ ላይ «ፋይልህን ቆልፈነዋል፣ ክፈል» የሚል መጣ እንበል። አብሽሩ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

1. ያወቁበትን ቀንና ሰዓት ይጻፉ። 72 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።
2. ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ይንቀሉት። ፎርማት አያስደርጉት። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለፈቃድ ሥርዓት ውስጥ መግባትም ሆነ ማበላሸት ወንጀል ነው፤ ማስረጃው ግን ያለው እዚያው ማሽን ላይ ነው። ጠጋኝ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ማጽዳት ስለሆነ ቀድመው ይንገሩት።
3. ሁሉንም ፓስወርድ ይቀይሩ።
4. ለፖሊስ ያመልክቱ፣ የማመልከቻውን ኮፒ ይያዙ።
5. ከጠበቃዎ ጋር ሆነው ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ ያሳውቁ፦ ምን ወጣ፣ የስንት ሰው፣ ምን እርምጃ ወሰዱ።
6. ጉዳት ሊደርስባቸው ለሚችሉ ታካሚዎች በግል ይንገሩ። ቦርድ ላይ አይለጥፉ፤ መለጠፉ ራሱ ስማቸውን አደባባይ ማውጣት ነው።

ችግሩ ከአቅራቢው ጋር ከሆነ ደግሞ ክስ ከማሰብዎ በፊት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡት። ሃያ ጊዜ መደወልዎ ማስጠንቀቂያ ለመሆኑ ማስረዳት ይከብዳል፤ ደርሶኛል ብሎ የፈረመበት አንድ ደብዳቤ ይሻላል።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

ከኢንተርኔት የወረደ የውጭ አገር ውል ተርጉሞ መፈረም። የአሜሪካ የጤና መረጃ ሕግ የተጠቀሰበት ውል ደሴ ላይ አይቻለሁ፤ ለዚህ አገር ዳኛ ምንም አይነግረውም።

የጥገና ጊዜ አለመጻፍ። «በአስቸኳይ» የሚለው ቃል ሰዓት የለውም። «ሥራ ካቆመ በ4 ሰዓት፣ ቀላል ብልሽት ከሆነ በ2 ቀን» ይባል።

የዘመድ ልጅ ስለሆነ ያለ ውል ማሠራት። የዘመድ ልጅም ውጭ አገር ይሄዳል።

የወረቀት ካርዱን ቶሎ ማስወገድ። ቢያንስ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኬዱ፣ ጤና ቁጥጥሩ የሚጠይቀውን የማቆያ ጊዜ ጠይቀው ይወቁ፣ የሚወገድ ሲሆንም በቃለ ጉባኤ ይቃጠል ወይም ይከተፍ። በኪሎ አይሽጡት። አንድ ቀን ከመናፈሻ በላይ ቆሎ ገዝቼ መጠቅለያውን ስዘረጋው የሰው የሽንት ምርመራ ውጤት ነበር፤ ሙሉ ስሙ ከእነ አባቱ፣ የሐኪሙም ፊርማ በጥርት ይነበባል።